ጓሳው ላይ የፈታሁት ቋጠሮ

አርፌ መቀመጥ አልችልም። ይህን ገና ከመጀመሪያው ልናገር፤ ኋላ «ምነው ትንሽ አርፈህ ብትቀመጥ ኖሮ» የምትሉኝ እንደምትበዙ አውቃለሁ። ስብሰባ ላይ እግሬ ጠረጴዛውን ሲያንቀጠቅጠው ሰው ሁሉ የሻይ ብርጭቆውን ይይዛል። ቢሮ ውስጥ የወጣልኝ ስም «ጀነሬተር» ነው። በስድስት ዓመት ውስጥ አራት ወረዳ ቀይሬያለሁ። ማንም አላባረረኝም፤ ዝውውር የምጠይቀው ራሴ ነኝ። ራቤል ስመደብ ብርዱ አልተስማማኝም አልኩ፤ ቆላ ስወርድ ሙቀቱ አልተስማማኝም አልኩ። ያጨኋት ልጅ እንኳ «ካንተ ጋር ጎጆ ከመውጣት አውቶቡስ ላይ መኖር ይሻላል» ብላ ቀለበቴን መለሰችልኝ። እውነቷን ነበር።

ሙያዬ የተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ነው። ስለ ደን፣ ስለ ግጦሽ፣ ስለ ክልከላ መመሪያ ጠይቁኝ፤ ከነአንቀጹ እነግራችኋለሁ። ያን ጊዜ በተለይ ከእኔ በላይ የሚያውቅ ያለ አይመስለኝም ነበር።

እትዬ ዘውዴ እህቴ ናት። በአሥራ ስድስት ዓመት ትበልጠኛለች። እናታችን ስትሞት እኔ የአራት ዓመት ልጅ ነበርኩ፤ አጥባ፣ አብልታ፣ ቆንጥጣ ያሳደገችኝ እሷ ናት። ዓለም ከተማ አንድ ትምህርት ቤት መዝገብ ቤት ውስጥ ትሠራለች፤ ያን ሰሞን እኔም እዚያው ተመድቤ ነበር። ስኳር ካለባት ሰባት ዓመት አልፏታል፤ ጠዋትና ማታ ኢንሱሊን ትወጋለች። እናታችን የመንዝ ሰው ነበረች። ስለ ጓሳው ሣር፣ ስለ ጭላዳ ዝንጀሮው እያወራች ነው እትዬን ያሳደገቻት። እትዬ ግን አንድም ቀን ሄዳ አታውቅም።

«ስልክህ ላይ ያለውን ጭላዳ በዓይኔ በብረቱ ሳላይ ልሙት?» አለችኝ አንድ ቀን።

እኔ ደግሞ ሂድ ካሉኝ መቼ ቁጭ እላለሁ! በጥቅምት ወር እረፍት ጠየቅሁና ሁለት አውቶቡስ ቀይረን፣ ወገባችን ተቆራርጦ መሃል ሜዳ ከተማ ገብተን አደርን።

ማግስቱ ሐሙስ ነበር። ጠዋት ስነቃ እትዬ ለብሳ፣ ነጠላዋን አጣፍታ፣ መርፌዋንም ተወግታ ጨርሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣለች።

«ቁርስ በላሽ?»

«ኧረ በልቼ ጠግቤያለሁ! አንተ ስታንኮራፋ።»

አመንኳት። ሐሙስ ቀን ማን ይጠረጥራል? ረቡዕ ወይም ዓርብ ቢሆን አንድ ነገር ነው።

ስንቃችንን እሷው ነበረች ያዘጋጀችው፤ በማር የተለወሰ በሶ፣ ዳቦ፣ ውሃ፣ አንድ እፍኝ ከረሜላ። ቦርሳውን ተቀበልኳት።

«ከረሜላዋን እንኳ ኪሴ ልክተት» አለች።

«ምን ያደርግልሻል? አጠገብሽ ነኝ አይደል እንዴ!»

ይቺን ንግግሬን ያዙልኝ።

መንገድ እንዲያሳዩን የተሰጡን የጓሳው ጠባቂ ጋሽ ደምሴ ይባላሉ። ስድሳ ዓመት አልፏቸዋል፤ ጥቁር በርኖስ ደርበው በትራቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመዋል። ገና ስንተዋወቅ ሕጉን ነገሩን። «ይሄ ሣር ተከልክሏል። ቀኑ ሲደርስ ሽማግሌዎቹ ይፈቅዳሉ፤ ያን ዕለት ማጭድ ያለው ሁሉ ይወጣል፣ ቤቱን ይከድናል። እስከዚያ አንዲት ዘለላ የነካ ጠቡ ከኔ ጋር ነው።»

«ልክ ነው፣ በመመሪያውም እንዲሁ ነው» አልኳቸው። ቀና ብለው አዩኝና መንገድ ጀመሩ።

ጓሳውን ያላያችሁ፣ ዓይን እስኪደክመው ድረስ እግር በእግር የበቀለ ረጅም ሣር አስቡ። በመካከሉ እዚያም እዚህም የጅብራ ተክል ቆሟል፤ ወደ አፋፉ ሲጠጉ የአስታ ቁጥቋጦ አለ። ከአፋፉ ወዲያ መሬት የለም፤ ገደሉ ቁልቁል እስከ ቆላው ይወርዳል። እኔ ከፊት ነበርኩ። መቶ እርምጃ እቀድማለሁ፣ እመለሳለሁ፣ ደግሞ እቀድማለሁ። እትዬና ጋሽ ደምሴ ከኋላ እያዘገሙ ያወጋሉ።

«ይሄ ልጅ ሁልጊዜም እንዲህ ነው?» ሲሉ ሰማኋቸው።

«ጋሽ ደምሴ፣ ይሄ ሆድ ውስጥም አላረፈም!» አለች እትዬ።

ጭላዳዎቹን ያገኘናቸው አራት ሰዓት ገደማ ነው። መቶ ይሆናሉ፤ ቁጭ ብለው ሣር ይነጫሉ። ትልልቆቹ ወንዶች ጎፈሯቸው በነፋስ ሲዘናፈል እትዬ አፏን በነጠላዋ ያዘች። «ውይ በማርያም! እነዚህስ ከደብር አለቃ በላይ ለብሰዋል!» አለች። ሳቋ አላባራ አለ። እንደዚያ ስትስቅ ያየኋት መቼ እንደሆነ አላስታውስም። እኔ ግን ሦስት ፎቶ አንስቼ «በሉ እንሂድ» ማለት ጀመርኩ።

አምስት ሰዓት ተኩል ላይ አፋፉ ዘንድ ደረስን። እትዬ አንድ ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ፊቷ ገርጥቷል።

«ደከመሽ እንዴ?»

«አይ፣ አገሩን ልየው ብዬ ነው።»

ሁለት ደቂቃ አብሬያት ተቀመጥኩ። ከዚያ እግሬ ጀመረው። «ዞር ዞር ብዬ እመጣለሁ» ብዬ ተነሳሁ፤ ቦርሳው ጀርባዬ ላይ ነው።

«በመጣንበት በኩል ይሁን» አሉ ጋሽ ደምሴ፣ ወደ ገደሉ እያዩ። «ወደ አፋፉ እንዳትጠጋ። ቆላው ሊተነፍስ ነው።»

ምን ማለታቸው እንደሆነ አልጠየቅኳቸውም።

በመጣንበት መንገድ ጥቂት እንደተመለስኩ አንድ ነገር አየሁ። ሁለት የጓሳ እግር ጫፍና ጫፋቸው ተያይዞ ተቋጥሯል። ከሃያ እርምጃ በኋላ ሌላ ቋጠሮ። ደግሞ ሌላ። ገና እርጥብ ነው፤ ዛሬ የታሰረ ነው። ጉድ ፈላ! ለካ በተከለከለ ሣር ላይ ድርሻ የሚከፋፈል ሌባ አለ፤ ቀን ምልክት አስሮ ሄዶ ማታ ማጭዱን ይዞ ሊመጣ! የተማርኩት ሁሉ ራሴ ላይ ወጣ። ስልኬን አውጥቼ አንደኛውን ቋጠሮ ፎቶ አነሳሁና ፈታሁት። ሁለተኛውን አነሳሁ፣ ፈታሁት። በልቤ ሪፖርቱን እየጻፍኩ ነበር። ሠላሳ አንድ ቋጠሮ ፈታሁ። እጄ ሥራ ስላገኘ ደስ ብሎኛል፤ እንዲያውም አፏጭ ነበር።

ሠላሳ ሁለተኛውን ስፈልግ ቀይ ቀበሮ አየሁ። አንድ ፍልፈል ጉድጓድ አጠገብ አድፍጣለች። ቪዲዮ ልቀርጻት ከመንገዱ ወጣሁ። ዘለለች፣ ሳተች፣ ሄደች። ተከተልኳት። ቆም አለች፤ ደግሞ ሄደች። ስንት ጊዜ እንደዚህ እንዳደረገችኝ አላውቅም። በመጨረሻ ስልኬ ውስጥ ያለው ምስል ነጭ ሆነ። መስታወቱ የተበላሸ መስሎኝ በሸሚዜ ጠረግሁት። ቀና ስል አገሩ ሁሉ ነጭ ነው። ከቆላው የወጣው ጉም ሁሉን ውጦታል፤ ጎንበስ ስል የራሴ ጫማ አይታየኝም።

ምን ይደረጋል? ሌላ ሰው ቢሆን ይቆማል። እኔ ሄድኩ። በግምት ወደ እትዬ ይወስደኛል ባልኩት በኩል ሄድኩ። ጥቂት እንደሄድኩ እግሬ አንድ ጠጠር መታ። ጠጠሩ ተንከባለለ፤ ከዚያ ድምፁ ጠፋ። የት እንደወደቀ አልሰማሁም። ወደ ኋላዬ በቂጤ ቁጭ አልኩ።

«ደረጀ ሆይ!»

የጋሽ ደምሴ ድምፅ ነው፤ ሩቅ ነው።

«አቤት!»

«ባለህበት ቁም!»

«ልምጣ!»

«እንዳትመጣ! ገደል ነው! እኔ እመጣለሁ!» ድምፃቸው ጠፋና እንደገና መጣ። «እህትህ ታመመች! መርፌውን ተወግታ እህል አልቀመሰችም! ጾመኛ ናት! ስንቁ አንተ ዘንድ ነው!»

ጌታዬ ሆይ!  ጤና ጣቢያ የምትከታተላት ነርስ ስንት ጊዜ ነግራናለች፤ ኢንሱሊን ተወግቶ አለመብላት ከስኳሩ ቀድሞ ይገድላል። መጀመሪያ ያልባታል፣ ከዚያ ትንቀጠቀጣለች፣ ከዚያ ትቀባዥራለች፣ ከዚያ... ከዚያ ያለውን ማሰብ አልቻልኩም። ማሩ ጀርባዬ ላይ ነው። ከረሜላው ጀርባዬ ላይ ነው። «አጠገብሽ ነኝ አይደል እንዴ!»

ተነስቼ ወደ ድምፁ ሄድኩ። አዎ፣ ገደል ነው እየተባልኩ ሄድኩ። ትንሽ ቆይቶ የጋሽ ደምሴ ድምፅ ከሌላ ወገን መጣ፤ አሁን የቁጣ ነው።

«ድምፅህ ዞረብኝ! ተንቀሳቀስክ አይደል? አንተን ፈልጌ ስዞር እሷን ልትገድልብኝ ነው? ቁም ብዬሃለሁ፣ ቁም! እየጠራህ ቁም!»

እመኑኝ፣ መቆም እፈልጋለሁ፤ እግሬ ነው እምቢ ያለኝ። በገዛ እጄ ብይዘው እንኳ ይንቀጠቀጣል። በመጨረሻ ቀበቶዬን ፈታሁና ሁለቱን ቁርጭምጭሚቶቼን አንድ ላይ ጠፍሬ አሰርኳቸው። ሱሪዬን በአንድ እጄ ይዤ፣ እንደሚታረድ በግ ተጠፍሬ ሣሩ መሃል ተቀመጥኩ። «እዚህ ነኝ!» እላለሁ። እሳቸው «ሆይ!» ይላሉ። «እዚህ ነኝ!» «ሆይ!»

እንዲህ ያለ ሰዓት በሕይወቴ አላውቅም። ስልኬ ኔትወርክ የለውም፤ የሚያሳየኝ ደቂቃ ብቻ ነው። ሰባት ሰዓት ከአሥር። ሰባት ከሃያ። ድምፃቸው የሚቀርበው እንደ ቀንድ አውጣ ነው። ለምን አይሮጡም እያልኩ በልቤ ሰደብኳቸው። አለቀስኩም፤ ምን አሳፍሮኝ እደብቃለሁ። ማርያምን ለመንኳት፤ ልመናውን ሳልጨርስ እንደገና «እዚህ ነኝ!» አልኩ።  ከሁለት ጊዜ በላይ ቀበቶውን ልፈታ እጄን ሰደድኩ፤ መለስኩት።

ሰባት ከሃምሳ ላይ አንድ እጅ ትከሻዬን ያዘኝ። ጋሽ ደምሴ ናቸው፤ በርኖሱ የለም፣ ሸሚዛቸው በጉሙ በስብሷል። እግሬን አዩት።

«ማን አሰረህ?»

«ራሴ።»

ጎንበስ ብለው ፈቱልኝ። «ከጠዋት ጀምሮ ከኋላህ እየቋጠርኩ ነበር የመጣሁት። ጉም ሲወርድ በእጅ እየዳበስን የምንመለሰው በሱ ነው። ያገሬ ሰው ሁሉ ያውቀዋል። አሁን ብዳብስ የለም! ከብት አይፈታው፣ ነፋስ አይፈታው። አዲስ እየቋጠርኩ በዳዴ ነው የመጣሁት። ማን ይፈታዋል?»

«እኔ ነኝ ጋሽ ደምሴ።»

«አንተ?»

«የሣር ሌባ ምልክት መስሎኝ።»

ቀበቶዬን እጄ ላይ አኖሩልኝ። ቢመቱኝ በወደድኩ።

«የተማርክ ነህ አይደል?» አሉኝ። የፌዝ አልነበረም፤ በእርግጥ ማወቅ ፈልገው ነው የጠየቁኝ።

«አዎ።»

«ይሁን። እጅህን አምጣ።»

እጄን ይዘው የመጀመሪያው ቋጠሮ ላይ አኖሩት። እኔ ፈጥኜ ልሄድ እጎትታለሁ፤ እሳቸው ከኋላ ሸሚዜን ጨብጠው ይይዙኛል። «የቸኮለች አፍሳ ለቀመች ሲባል አልሰማህም? አንዱን ከዘለልክ የቀረውንም አታገኘው። ዳብስ።» ዳበስኩ። በጉልበቴ እየሄድኩ፣ እጄ በውርጭ እንደተመታ እየደነዘዘ፣ አንድ በአንድ ዳበስኩ። ደርሰን እስክናያት ድረስ በሕይወት ትኑር አትኑር አላውቅም ነበር።

እትዬ አስታ ሥር ተቀምጣለች። የጋሽ ደምሴ በርኖስ ተጠቅልሎባታል፤ ወገቧ በገዛ መቀነቷ ከአስታው ግንድ ጋር ታስሯል።

«ይቅር በለኝ፤ ተነስታ ወደ ገደሉ ልትሄድብኝ ስትል ነው» አሉ ጋሽ ደምሴ።

ላቧ በፊቷ ይወርዳል፤ አካላቷ ግን በረዶ ነው። ዓይኗ ተከፍቷል። አየችኝ።

«ማነህ አንተ?»

«ደረጀ ነኝ እትዬ!»

«ደረጀ ትንሽ ልጅ ነው» አለች ቃሉ አፏ ውስጥ እየተሳሰረ። «ሂድ ከዚህ። ሳይበላ ነው የተኛው።»

ከረሜላ ብሰጣት ጥርሷን ነክሳለች። በሶውን ገፍቼ ከሥሩ የጠለለውን ማር በጣቴ ዛቅሁና ነርሷ እንዳሳየችን ጉንጯን ከውስጥ፣ ድዷን፣ ከንፈሯን አሸሁላት። ጣቴን ነከሰችኝ። ደግሜ ዛቅሁ። ጋሽ ደምሴ ራሷን ደግፈው አባታችን ሆይ ይደግማሉ። ከዚያ በኋላ የሚሠራ ሥራ አልነበረም፤ መጠበቅ ብቻ ነው። ጠበቅሁ። እግሬን ልብ ብዬ ባየው ኖሮ ጸጥ ብሎ ነበር።

መጀመሪያ ጣቶቿ ተንቀሳቀሱ። ከዚያ በረዥሙ ተነፈሰች። ምላሷ ማሩን ፈልጎ ከንፈሯን ላሰ። ዓይኗ ዞሮ ዞሮ እኔ ላይ ቆመ፤ አወቀችኝ።

«ደረጀ?»

«እትዬ!»

«ስንት ሰዓት ነው?»

«ስምንት ተኩል።»

«እግዚኦ! ዘጠኝ ሳይሞላ ማር አበላኸኝ?»

ሳቅና ልቅሶ አንድ ላይ መጣብኝ። ወዲያው ደግሞ ንዴት። ጮህኩባት፤ እህቴ ላይ ጮኼ አላውቅም ነበር። «አብደሻል እንዴ? የጽጌ ጾም እኮ የፈቃድ ነው! የንስሐ አባትሽ ከአዋጁ ጾም እንኳ ፈተውሻል! ሰው መርፌ ተወግቶ ምን ቆርጦት ይጾማል?»

«ስእለት አለብኝ።»

«የምን ስእለት?»

ፊቷን አዞረች። ጋሽ ደምሴ መቀነቷን እየፈቱ «ንገሪው እንጂ፤ ጠዋት ለኔ ነግረሽኝ የለ» አሏት።

«እግርህ እንዲረጋ ነዋ!» አለች ተናድዳ። «ሌላ ምን ጎደለኝ? ዛሬ ራቤል ነገ ቆላ፣ ዛሬ እጮኛ ነገ የለችም። እኔ ስሞት የት ብለው ይጠሩሃል? አርባውን ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ልጹምልህ፣ ልመናዬን ከሰማሽ ጃንጥላ አስገባለሁ ብዬ ለማርያም ተሳልኩ። አንተ ግን ይኸው አላስጨረስከኝም።»

 በሶውን በእጄ እየጠቀለልኩ አጎረስኳት፤ ዘጠኝ ሰዓትም ሳይሞላ ሁሉንም በላች፣ እያጉረመረመች። ጉሙ አሥር ሰዓት ላይ ትንሽ ሲሳሳ በጋሽ ደምሴ ቋጠሮ እየተመራን ወጣን።

አንባቢዎቼ፣ ይህ ከሆነ አንድ ዓመት አልፎታል። ያነሳኋቸው ሠላሳ አንድ የቋጠሮ ፎቶዎች አሁንም ስልኬ ውስጥ አሉ። ሪፖርቱን አልጻፍኩትም። አሁን ገጠር ወጥቼ የማላውቀው ነገር ታስሮ፣ ተተክሎ፣ ተደርድሮ ሳይ እጄን ኪሴ ከትቼ የአገሩን ሰው እጠይቃለሁ። ብዙ ጊዜ ይስቁብኛል፤ ይሳቁ። ቤታችሁ ውስጥ መርፌ የሚወጋ ሰው ካለ ደግሞ «በልቻለሁ» ሲላችሁ እንዳታምኑት። እኔ እትዬን ፊቷ ቁጭ ብዬ ስትውጥ አያታለሁ፤ «ፖሊስ ቀጠሩብኝ» ትላለች። የንስሐ አባቷም «ማርያም ነፍስሽን አምጪ አላለችሽም» ብለው ተቆጥተዋታል።

ተለወጥኩ ብዬ ግን አልዋሻችሁም። ስብሰባ ላይ ሰው አሁንም ብርጭቆውን ይይዛል። የዝውውር ማመልከቻ ግን ከዚያ ወዲህ አልጻፍኩም። አንዳንዴ እጄ ወረቀት ሲፈልግ ቀበቶዬን እነካለሁ።

በዚያው ዓመት ኅዳር ላይ ከሥራ ስመለስ እትዬ ቤት አንድ ጥለት የበዛበት አዲስ ጃንጥላ አልጋ ላይ ተዘርግቶ አገኘሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«የስእለቴ ነው። እሁድ ለማርያም አስገባለሁ።»

«እትዬ፣ የቱ ስእለት ደረሰና? እግሬን አታይውም እንዴ?» አልኳት። እውነትም ቆሜ እንኳ ተረከዜ ወለሉን ይመታ ነበር።

ጃንጥላውን አጥፋ በነጠላዋ ጠቀለለችው።

«ጋሽ ደምሴ ነግረውኛል። አንድ ሰዓት ሙሉ እግርህን አስረህ ተቀምጠህልኛል» አለች። «እኔ እኮ ለዘላለም ብዬ አልተሳልኩም።»